ቀይ ፓምፕ፣ አረንጓዴ ፓምፕ፦ የባንግላዲሽ የመጠጥ ውሃ ጉዳይ

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በባንግላዲሽ ገጠር የእጅ ፓምፕ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ፓምፑ ቁመቱ ከወገብ ብዙም የማያልፍ የብረት ዕቃ ነው፤ እጀታውን ጥቂት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ቀዝቃዛና ኩልል ያለ ውሃ ይሰጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመስክ ሠራተኞች መመርመሪያና የቀለም ቆርቆሮ ይዘው ከግቢ ግቢ እየዞሩ አንዱን ፓምፕ አረንጓዴ፣ ሌላውን ቀይ ቀቡ። አረንጓዴው «ይጠጣል»፣ ቀዩ «አይጠጣም» ማለት ነው። ቀይ የተቀባው 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። አባወራው በገዛ ገንዘቡ አስቆፍሮ ለዓመታት ልጆቹን ያጠጣው ውሃ አርሰኒክ የሚባል መርዝ እንዳለበት የተረዳው በዚያች የቀለም ብሩሽ ነው።

ስለ መጠጥ ውሃ አቅርቦት ሲወራ ብዙ ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ውሃ የሌለበት ምድርና በጀርባዋ እንስራ ተሸክማ ረጅም መንገድ የምትጓዝ እናት ናት። የባንግላዲሽ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ውሃው ነበረ፤ ቅርብ ነበረ፤ ርካሽ ነበረ፤ ሕዝቡም ወዶ ተቀብሎታል። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠፋው «በውስጡ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ጉዳዩን በዝርዝር መጻፍ የፈለግሁትም ለዚህ ነው፤ ስህተቱ የተሠራው ክፉ ሐሳብ በነበራቸው ሰዎች አልነበረም፤ በትጋት የሕፃናትን ነፍስ ለማዳን በሚሠሩ ሰዎች እጅ ነው።

ጉድጓዱ ለምን ተቆፈረ

ባንግላዲሽ ጋንጀስ፣ ብራህማፑትራና መግና የሚባሉት ታላላቅ ወንዞች ተገናኝተው ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚፈስሱባት ሰፊ የደለል ሜዳ ናት። የገጠሩ ሕዝብ ለዘመናት የሚጠጣው ከኩሬ፣ ከወንዝና አፋቸው ካልተከደነ የእጅ ጉድጓዶች ነበር። በዚያው ኩሬ ሰው ይታጠባል፤ ከብት ይገባል፤ ዕቃ ይለቀለቃል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ሜዳ ላይ ያለውን እዳሪ ሁሉ ጠርጎ ይጨምርበታል። ኮሌራና ተቅማጥ ሕፃናትን ይፈጁ ነበር። በ1970 የቦላ አውሎ ነፋስ፣ በ1971 የነጻነት ጦርነቱ ተከታትለው ሲመጡ ችግሩ ባሰ።

አዲሱ አገር በሕዝብ ጤና ምህንድስና መምሪያው በኩል ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ መልሱን ከመሬት በታች ፈለገ። ሐሳቡ ጤናማ ነበር። ውሃ በአሸዋና በደለል ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰርግ ተሕዋስያኑ በመንገድ ይቀራሉ፤ ከጥቂት አስር ሜትሮች በታች የሚገኘው ውሃ ከኩሬው ጋር አይወዳደርም። የቁፋሮው ዘዴም ለድሃ አገር የተፈጠረ ይመስላል፤ ቲዩብዌል የሚሉትን ይህን ቀጭን ጉድጓድ ለማውጣት ሞተር አያስፈልግም። ከቀርከሃ መወጣጫ ይሠራል፤ አንዱ ሠራተኛ ከላይ ሆኖ የቧንቧውን አፍ በመዳፉ ይዘጋል፣ ይከፍታል፤ ከታች ያሉት ደግሞ በማንሻ እንጨት ቧንቧውን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ጭቃው በቧንቧው ውስጥ እየተገፋ በላይ ይወጣል፤ ቧንቧው እየጠለቀ ይሄዳል። የደለሉ ምድር ለስላሳ ስለሆነ ጥቂት ሰዎች በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል። ይህን ዘዴ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ በተለይ በቧንቧው አፍ የሚወጣውን ጭቃ።

መንግሥት የጀመረውን ሕዝቡ ራሱ ቀጠለው። ጥቂት ገንዘብ የቋጠረ ገበሬ የራሱን ያስቆፍራል፤ ጎረቤቱም ይከተላል። የፓምፖቹ ቁጥር 10 ሚሊዮን ገደማ ሲደርስ አብዛኞቹ የግል ነበሩ። በ1990ዎቹ ከገጠሩ ሕዝብ 97 በመቶው ንጹህ ውሃ እንደሚያገኝ ይነገር ነበር። ለአንድ ድሃ አገር ይህ ትልቅ ኩራት ነው፤ የሕፃናት ሞትም በእርግጥ ወርዷል። ለእውነት ሲባል ግን ምስጋናው የጉድጓዱ ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዳካና በኮልካታ ተመራማሪዎች የተፈተነው ለተቅማጥ የሚሰጥ የስኳርና የጨው ውህድ፣ በኋላም ብራክ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ቤት ለቤት እየዞረ ሚሊዮኖች እናቶችን ውህዱን በቤታቸው እንዲያዘጋጁ ማስተማሩ ብዙ ሕፃናትን ከሞት መልሷል።

ጉድጓዶቹ ሲቆፈሩ ውሃው ለአርሰኒክ አልተመረመረም። በዚያን ጊዜ የተለመደው የውሃ ጥራት ምርመራ አርሰኒክን አይጨምርም ነበር፤ በደለል ሜዳ ውስጥ ይኖራል ብሎ የጠረጠረም አልነበረም። «ንጹህ» ማለት ተሕዋስያን የሌሉበት ማለት ነበር።

እያሳሳቀ የወሰደ ውሃ

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አርሰኒክ በአንድ ቀን አይገድልም፤ በውሃ ውስጥ ባለው መጠን አያስታውክም፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። አምስት፣ አስር ዓመት ከተጠጣ በኋላ ቆዳ ላይ ጠቆር ያሉና ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። የእጅ መዳፍና የእግር ውስጥ ይሻክራል፤ ኪንታሮት የመሰለ ጠጣር እብጠት ያወጣል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል። ከዚያም በላይ የቆዳ፣ የፊኛና የሳንባ ካንሰር፣ የልብና የደም ሥር በሽታ ያስከትላል። በልጆች የመማርና የማሰብ ችሎታ ላይ ጉዳት እንደሚያደርስም በኋላ ታውቋል። ውሃውን ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይጠነክራል።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው ከድንበር ማዶ፣ በህንድ ምዕራብ ቤንጋል ነው። በ1983 በኮልካታ የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የቆዳ ሐኪም የነበሩት ኬ.ሲ. ሳሃ የመጀመሪያዎቹን ታማሚዎች ለዩ። በ1987 ከባንግላዲሽ የመጡ ታማሚዎችም እዚያው ታዩ። በባንግላዲሽ ምድር አርሰኒክ መኖሩ በምርመራ የተረጋገጠው ግን በ1993፣ በቻፓይ ናዋብጋንጅ አውራጃ ነው። በኮልካታ የጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ዲፓንካር ቻክራቦርቲ ጉዳዩ የዓለም ጉዳይ እንዲሆን ሳይታክቱ ጮኹ፤ ዓለም በደንብ መስማት የጀመረው ከ1995 ወዲህ ነው።

እነዚህን ዓመታት ስደምር ልቤ ይከብዳል። ከመጀመሪያው ታማሚ እስከ ባንግላዲሽ ማረጋገጫ ድረስ 10 ዓመት አለ፤ በእነዚያ 10 ዓመታት ውስጥ አዳዲስ ፓምፖች በየቀኑ ይተከሉ ነበር። ድንበሩ በካርታ ላይ ይኑር እንጂ ከመሬት በታች ደለሉ አንድ ነው።

ሕመሙ ከሥጋ አልፎ ኑሮን ነካ። ቆዳቸው የተለወጠ ሰዎች በሽታው ይተላለፋል እየተባለ ተገለሉ፤ እርግማን ነው ያለም አልጠፋ። ለጋብቻ የደረሱ ልጃገረዶች ፈላጊ አጡ፤ ያገቡትም ወደ ወላጆቻቸው ቤት የተመለሱበት ጊዜ አለ።

የጥፋቱን ስፋት ያሳየው የብሪታኒያ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከአገሪቱ የሕዝብ ጤና ምህንድስና መምሪያ ጋር ያደረገውና በ2001 የታተመው ዳሰሳ ነው። ከ64 አውራጃዎች በ61ዱ ከሚገኙ 3,534 ጉድጓዶች ናሙና ተወሰደ። ጥልቀታቸው 150 ሜትር ከማይሞላው መካከል 27 በመቶው ከባንግላዲሽ ደረጃ፣ ማለትም በሊትር ከ50 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ነበራቸው። 46 በመቶው ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 10 ማይክሮግራም ያልፉ ነበር። 50 ማይክሮግራም የአንድ ግራም 20,000ኛ ክፍል ነው፤ ዓይን ቢያፈጥ አያየውም። በሰው ሲተመን 35 ሚሊዮን ያህሉ ከ50 በላይ፣ 57 ሚሊዮን ያህሉ ከ10 በላይ ይጠጡ ነበር። አለን ስሚዝና ባልደረቦቻቸው በ2000 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ይህን በታሪክ ከታዩት የሕዝብ መመረዞች ሁሉ ትልቁ ብለውታል።

መርዙ ከየት መጣ

መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ጥፋተኛውን በላይ ፈለገው፤ ማዳበሪያ፣ ፀረ ተባይ፣ ፋብሪካ። መርዙ ግን የምድሩ የራሱ ነው። ወንዞቹ ከሂማላያ ተራሮች አሸዋና ደለል ይዘው ሲወርዱ አርሰኒኩ በቅንጣቶቹ ላይ ካለው የብረት ዝገት ጋር ተጣብቆ ይመጣል። ዝገቱ ዝገት ሆኖ እስከቆየ ድረስ አርሰኒኩን አይለቅም። ነገር ግን በወጣቱ ደለል ውስጥ የተቀበረ የዕፅዋት ብስባሽ አለ፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ያን ብስባሽ ሲመገቡ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ፊታቸውን ወደ ብረቱ ያዞራሉ። ዝገቱ ይሟሟል፤ የያዘውንም አርሰኒክ ለውሃው ይለቃል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ጥልቅ የሆነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ሜትር በታች ያለው አሮጌ ደለል በብዛት ደህና ነው። ጥልቀት በሌለው ደለል ውስጥ ደግሞ መርዙ ወጥ አይደለም። ወንዞቹ በየዘመኑ መንገዳቸውን ሲለዋውጡ አሸዋውን እዚህ፣ ጭቃውን እዚያ ስለጣሉ በአንድ ግቢ ያለው ጉድጓድ ብርቱ መርዝ ሲኖረው የጎረቤቱ ንጹህ ሊሆን ይችላል። ይህ ዝብርቅርቅነት እርግማንም በረከትም ነው፤ የትኛው ጉድጓድ እንደተበከለ ከካርታ ላይ ማንበብ አይቻልም፤ እያንዳንዱ በየራሱ መመርመር አለበት። በሌላ በኩል ግን ንጹሁ ውሃ ብዙ ጊዜ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይገኛል።

ቀለሙ

በ1998 በዓለም ባንክ ብድር የተጀመረው ብሔራዊ ፕሮጀክትና አጋሮቹ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ ጉድጓዶችን በመስክ መመርመሪያ ፈተሹ። አሠራሩ ቀላል ነው። በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ይቀዳል፤ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ አርሰኒክ ካለ ጋዝ ሆኖ ይወጣና ክዳኑ ላይ ያለችውን ወረቀት ከቢጫ እስከ ቡናማ ያቀልማታል። ቀለሙ ከመለኪያ ሰሌዳ ጋር ይነጻጸራል። ሁሉም ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል።

ከተመረመሩት 29 በመቶ ያህሉ ቀይ ሆኑ። በአንዳንድ መንደር ከ10 ፓምፕ 8ቱ ወይም ከዚያ በላይ ቀይ ነበር። ዘመቻው በስፋቱ የሚደነቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ሁለት ነገር ቅር ያሰኘኛል። አንደኛ፣ አረንጓዴው ቀለም «ከ50 በታች» ማለት እንጂ «አርሰኒክ የለበትም» ማለት አልነበረም፤ 45 ያለው ጉድጓድና 2 ያለው ጉድጓድ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ተቀብተዋል። ሁለተኛ፣ ዘመቻ ዘመቻ ነው። ሲያልቅ መርማሪው ሄደ፤ ቆፋሪው ግን ሥራውን አላቆመም። ቀለሙ በዝናብና በፀሐይ ለቀቀ፤ ፓምፖች ተቀየሩ፤ አዳዲስ ጉድጓዶች ያለ ምርመራ ተጨመሩ።

አራይሃዛር፦ ሰው ሲነገረው ምን ያደርጋል?

ከዳካ በስተምሥራቅ ብዙም በማይርቀው በአራይሃዛር ወረዳ የሆነው ከሁሉም በላይ ሊነገር የሚገባው ነው። በ2000 በአሜሪካ የሚገኘው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባንግላዲሽ ባልደረቦቻቸው ጋር በ25 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያሉትን ወደ 6,000 የሚጠጉ ጉድጓዶች አንድም ሳያስቀሩ መረመሩ። ውጤቱ በሊትር ከ5 ማይክሮግራም በታች እስከ 900 ድረስ የተዘረጋ ነበር፤ ግማሽ ያህሎቹ ከአገሪቱ ደረጃ ያልፋሉ። አሌክሳንደር ቫን ጊን የተባሉት የጂኦኬሚስትሪ ባለሙያ ቡድን ጉድጓዶቹን በካርታ ላይ ሲያስቀምጥ ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታየ፤ ጉድጓዳቸው ከተበከለባቸው ነዋሪዎች 90 በመቶ ገደማው በ100 ሜትር ውስጥ ደህና ጉድጓድ አላቸው።

መፍትሔው ጎረቤት ጋ ሄዶ መቅዳት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ከወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ናቸው፤ በግቢዋ ፓምፕ ያላት ሴት በቀን ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ሰው ግቢ መግባት፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ የሰው ፊት ማየት ሊኖርባት ነው። የተጣሉ ወንድማማቾች አሉ፤ በመሬት የሚካሰሱ ጎረቤታሞች አሉ። የፓምፑ ባለቤትም ጭቃው ግቢውን ሲያበላሽበት፣ ፓምፑ ቶሎ ሲያልቅበት ማጉረምረሙ አይቀርም። ብዙ ባለሙያዎች ሰው የተነገረውን ይሰማል እንጂ አይንቀሳቀስም ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም።

ሰው ግን ተንቀሳቀሰ። ጉድጓዳቸው አደገኛ መሆኑ ከተነገራቸው ቤተሰቦች 60 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ ጉድጓድ መጠቀም ጀመሩ። የተቀየሩት ሰዎች ሽንት ሲመረመር በሰውነታቸው ያለው አርሰኒክ በግልጽ ወርዶ ተገኘ። ገንዘብ አልተከፈላቸውም፤ ቧንቧ አልተዘረጋላቸውም፤ የተሰጣቸው ስለ ራሳቸው ጉድጓድ እውነቱ ብቻ ነው። ድሃ ሰው ስለ ጤናው አይገደውም የሚለውን አሮጌ ንግግር ለማስቆም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የቀሩት 40 በመቶስ? ለአንዳንዶቹ ደህናው ጉድጓድ ሩቅ ነበር፤ ወይም በቅርብ ፈጽሞ አልነበረም። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚቀየረው ሰው እየቀነሰ ሄደ። ለዚህ ቡድኑ ጥልቅ የጋራ ጉድጓዶችን አስቆፈረ፤ አንዱ ጉድጓድ ለብዙ መቶ ሰዎች አገልግሏል።

በዚያው ስፍራ ወደ 12,000 የሚጠጉ አዋቂዎችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ የጉዳዩን ክብደት በቁጥር አስቀመጠው። በተከታተሏቸው ሰዎች መካከል ከደረሰው ሞት 21 በመቶ ያህሉ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ ካለው ውሃ ጋር የተያያዘ ነው። ከአምስት ሞት አንዱ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ መነሻው 10 ነው፤ «አረንጓዴ» ከተባሉት ጉድጓዶች የጠጡም በዚህ ውስጥ አሉ።

ሌሎቹ መንገዶች

ብዙ ነገር ተሞክሯል። በትውልዳቸው ባንግላዲሻዊ የሆኑት ኬሚስት አቡል ሁሳም አርሰኒክን በብረት የሚይዝ፣ አሸዋና ከሰል ያለበት «ሶኖ» የተባለ የባልዲ ማጣሪያ ሠሩ፤ በ2007 ለዚህ ሥራቸው የ1 ሚሊዮን ዶላር የግሬንጀር ሽልማት አገኙ፤ አብዛኛውንም ገንዘብ ማጣሪያውን ለማዳረስ አዋሉት። ማጣሪያው መብራት አይፈልግም፤ ይሠራልም። የማጣሪያ ሁሉ ችግር ግን ጠባቂ መፈለጉ ነው። ፍሰቱ ሲቀንስ የሚያጥበው፣ ሲሰበር የሚጠግነው፣ ዕድሜው ሲያልቅ የሚለውጠው ከሌለ ማዕዘን ላይ ተጥሎ ይቀራል።

የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ለክረምቱ መልካም ነው፤ በጋውን ግን አያሻግርም። በ2004 የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ ከከርሰ ምድር ይልቅ ለገጸ ምድር ውሃ ቅድሚያ ሰጠ፤ የኩሬ አሸዋ ማጣሪያዎችና የታደሱ የእጅ ጉድጓዶች ተስፋፉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አርሰኒክን ሸሽቶ ወደ ኩሬ መመለስ ወደ ተቅማጥ መመለስ ሊሆን ይችላል። ውሃው ከሩቅ ሲመጣ ቤት ውስጥ ይጠራቀማል፤ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ እጅ ይገባል፤ ሕፃን ይታመማል። አንዱን መርዝ ያስወገደ ሥራ ሌላውን አስገብቶ እንዳይሆን ሁለቱንም አንድ ላይ መለካት ይገባል፤ ልክ በ1970ዎቹ መደረግ እንደነበረበት።

ከሁሉ የተሻለው ጥልቅ ጉድጓድ ነው። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። ከጥልቁ ውሃ ለሩዝ መስኖ በብዛት ከተቀዳ የላይኛው የተበከለ ውሃ ወደ ታች ሊሳብ ይችላል፤ ስለዚህ ባለሙያዎች ጥልቁ ውሃ ለመጠጥ ብቻ ይጠበቅ ይላሉ። በተጨማሪም ከተራው ፓምፕ እጅግ ውድ ነው፤ ድሃ ገበሬ ብቻውን አያስቆፍረውም። የመንግሥት እጅ ያስፈልገዋል።

ጥልቁ ጉድጓድ የማን ደጃፍ ላይ ቆመ?

የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2016 ባወጣው ዘገባ 20 ሚሊዮን ያህል ባንግላዲሻውያን ያን ጊዜም ከአገሪቱ ደረጃ በላይ የተበከለ ውሃ እንደሚጠጡ፣ በዓመት 43,000 ያህል ሰዎችም ከአርሰኒክ ጋር በተያያዘ በሽታ እንደሚሞቱ የሚገልጽ ግምት ጠቀሰ። ድርጅቱ ከ2006 እስከ 2012 የተተከሉ 125,000 ያህል የመንግሥት የውሃ ተቋማትን መረጃ ሲመረምር ብዙዎቹ ብክለቱ አነስተኛ በሆነበት አካባቢ መተከላቸውን አገኘ። ከአዲሶቹ ግማሽ ያህሉ የት እንደሚቆፈሩ የምክር ቤት አባላት ተጽዕኖ እንዲያደርጉ አሠራሩ ይፈቅድላቸው ነበር። ጉድጓዱ የሚቆመው ደጋፊ ባለበት፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ሆነ፤ ለመንደሩ የታሰበው ውሃ የግል ንብረት መሰለ።

ይህ ክፍል ከሁሉ የበለጠ ያሳዝነኛል። በ1970ዎቹ የተሠራው ስህተት ካለማወቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን እውቀቱ ነበር። ቀይ የሆኑት መንደሮች በስም ይታወቃሉ። ማሽኑ ወደ እነሱ መሄድ ሲገባው ወደ ባለጊዜው ግቢ ከዞረ ጉዳዩ የኬሚስትሪ መሆኑ ቀርቷል።

ፍርድ ቤቱና ትርጉሙ

የብሪታኒያው ጂኦሎጂ ተቋም በ1992 ባወጣው ሪፖርት በባንግላዲሽ 150 ያህል ጉድጓዶችን ለብዙ ንጥረ ነገሮች መርምሮ ነበር፤ አርሰኒክ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። የታመመ አንድ ባንግላዲሻዊ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክሩ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰጪ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደርሶ በ2006 ውድቅ ሆነ፤ ምክር ቤቱ ተቋሙ በጥናቱ ለማያውቃቸው የውሃ ጠጪዎች ሁሉ የጥንቃቄ ግዴታ የለበትም አለ። ሕጉን ለሕግ አዋቂዎች እተዋለሁ። እንደ ሰው ስመለከተው ግን ማንም ተጠያቂ ያልሆነበት የሚሊዮኖች መመረዝ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው።

ሌላ ቦታ ግን «ውሃ ማግኘት» የሚለው ቃል ትርጉም ራሱ ተለወጠ። እስከ 2015 በዘለቁት የተባበሩት መንግሥታት የሚሌኒየም ግቦች አንድ ሰው ውሃ አግኝቷል የሚባለው ምንጩ በዓይነቱ «የተሻሻለ» ከሆነ ነበር፤ ቲዩብዌል ደግሞ ምንም ይኑረው ምን ከተሻሻሉት ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የመጡት የዘላቂ ልማት ግቦች ሌላ መለኪያ አመጡ፤ ውሃው በግቢ ውስጥ መገኘት፣ በተፈለገ ጊዜ መኖር፣ እንዲሁም ከእዳሪ ብክለት፣ ከአርሰኒክና ከፍሎራይድ ነጻ መሆን አለበት። በዓለም አቀፍ የውሃ መለኪያ ውስጥ የአርሰኒክ ስም በግልጽ መጻፉ የባንግላዲሽ ገበሬዎች በሰውነታቸው የከፈሉበት ነው።

የቆፋሪው ጭቃ

የአራይሃዛር ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው ምርመራ 12 ዓመት ቆይተው ወደዚያው ስፍራ ሲመለሱ የጉድጓዶቹ ቁጥር እጥፍ ገደማ ሆኖ ጠበቃቸው። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ተመርምረው አያውቁም፤ ከአሮጌዎቹም ላይ ቀለሙ ጠፍቷል። ስለዚህ ጥያቄው ጉድጓድ ከተቆፈረ በኋላ ማን ይመረምረዋል ከሚለው በፊት ይጀምራል፤ ሲቆፈር ማን እያየ ነው?

ማትላብ በተባለው የባንግላዲሽ አካባቢ የተደረገ ጥናት ለዚህ አንድ መልስ ያሳያል። የአካባቢው ቆፋሪዎች በቧንቧው አፍ የሚወጣውን ጭቃ ቀለም ለይተው ያውቃሉ፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ነጣ ያለ፣ ቀይ ብለውም ይከፍሉታል። ተመራማሪዎቹ ውሃውን ከአሸዋው ቀለም ጋር ሲያነጻጽሩ ከጥቁርና ከግራጫው አሸዋ የሚቀዳው ውሃ በአርሰኒክ የከበደ፣ ከቀዩና ነጣ ካለው የሚቀዳው ግን በአብዛኛው ደህና ሆኖ አገኙት። ምክንያቱ ቀደም ብሎ የተነገረው የብረት ዝገት ነው። አሸዋው ቀይ ከሆነ ዝገቱ ገና አልሟሟም፤ አርሰኒኩንም እንደያዘ ነው። ግራጫ ከሆነ ብረቱ ሟሟል፤ መርዙን ለቅቋል። የመመርመሪያውን ሥራ ይህ አይተካም፤ ማንጋኒዝ የሚባለው ሌላ ንጥረ ነገርም በአንዳንዱ አሸዋ ውስጥ በዝቶ ይገኛል። ነገር ግን በቀርከሃው መወጣጫ ላይ ቆሞ የቧንቧውን አፍ በመዳፉ የሚከፍትና የሚዘጋው ሰው፣ ግራጫው አልፎ ቀዩ ጭቃ እስኪመጣ ድረስ ጥቂት ሜትር ጨምሮ ለመቆፈር የሚያስፈልገው እውቀት በእጁ ላይ እየፈሰሰ ነው።